መጀመሪያ የቻርጅ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናዬን ግቢ አስገብቼ፣ ከሳሎን ሶኬት በዲቫይደር ስቤ ቻርጅ ላይ አደረግኳትና ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። «የሆነ ነገር ይሸታል» አለችኝ። ስወጣ ዲቫይደሩ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ልጆቹ የተኙት ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከምንም በላይ ለዚያች ሌሊት ስል ነው። ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ነገሩ የተጀመረው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሰማን። ያኔ አሮጌ ቪትዝ ነበረችኝ። በየቀኑ ከኮተቤ ሜክሲኮ እመላለሳለሁ፤ ስንቱን ቅዳሜ ማደያ ሰልፍ ላይ አሳልፌያለሁ። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ቫቱም፣ ኤክሳይዙም፣ ሱር ታክሱም ቀደም ብሎ ተነስቶ ነበር። ተገጣጥሞ ያለቀለት መኪና የሚጠየቀው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። (የታክስ ነገር ይለዋወጣል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የዘንድሮውን አጣሩ።) ቪትዟን ሸጥኩ፣ ከወንድሜ ተበደርኩ፣ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ገዛሁ።

ልቤን ወደ ቢዋይዲ የሳበው የፋብሪካው ታሪክ ነው። ዋንግ ቹዋንፉ እ.ኤ.አ. በ1995 ሼንዘን ውስጥ ሲመሠርተው የባትሪ ፋብሪካ ነበር። ለሞባይል ስልክ ባትሪ ይሠራ ነበር። በ2003 ሲያን ከተማ ያለ የመኪና ፋብሪካ ገዝቶ ወደ መኪና ገባ፤ ለዓመታትም የቤንዚን መኪና ሲሸጥ ኖረ። በማርች 2022 በቤንዚን ብቻ የሚሄድ መኪና መሥራት አቆመ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሠራው» ይላል። እንደዚያ አይደለም። በ2024 ከሸጣቸው 4.27 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ በባትሪ ብቻ የሚሄዱት 1.76 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ቻርጅም የሚደረጉ፣ የቤንዚን ሞተርም ያላቸው ናቸው። ስማቸውም ይመሳሰላል። ሶንግ ፕላስ የሚባለውን ሞዴል ሲያቀርቡላችሁ ኢቪው (ባትሪ ብቻ ያለው) ነው ወይስ ዲኤም-አዩ (ቤንዚንም ያለው) ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

ይህን ሁሉ ሳነብ የከረምኩ ሰው ትልቁን ጥያቄ ሳልጠይቅ ገዛሁ። ይቺ መኪና ለየትኛው አገር ሰው ነው የተሠራችው? የእኔዋ የተሠራችው ቻይና ውስጥ ለሚነዳ ቻይናዊ ነው። በኋላ ያጋጠመኝ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በኪሎ ሜትሩ ልጀምር። ሻጩ «አንዴ ሞልተህ 510 ትሄዳለህ» አለኝ። አልዋሸም፤ ቻይና ውስጥ የተጻፈው 510 ነው። ግን ይቺው መኪና፣ ይኸው 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ፣ አውሮፓ ላይ አቶ 3 ተብላ ስትሸጥ 420 ነው የሚጻፍላት። ባትሪው አንድ ነው፤ የተለየው መለኪያው ነው። የቻይናው መለኪያ ለስላሳ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የማገኘው ከ350 እስከ 380 ባለው ውስጥ ነው። ለከተማ ከበቂ በላይ ነው፤ በሳምንት አንዴ ብሞላት ይበቃኛል። 510 ብላችሁ ጉዞ ካቀዳችሁ ግን መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።

እኔ ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ እሑድ በ70 በመቶ ቻርጅ ቤተሰቤን ይዤ ሶደሬ ሄድኩ። እስከ አዳማ የበላችው 18 በመቶ ብቻ ነው። ደስ አለኝ፤ መመለሻውንም በዚያው ሒሳብ አሰብኩት። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስትወርዱ መኪናዋ ራሷ ቻርጅ ታደርጋለች፤ ስትመለሱ ግን ያን ሁሉ ከፍታ በባትሪ ነው የምትወጡት። ሶደሬ ደርሰን አዳማ ስንመለስ 38 በመቶ ቀርቶኛል። ሰው ጠቁሞኝ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ሄድኩ። የቻርጀሩ አፍ ከእኔ መኪና አልገጥም አለ። የአውሮፓ ዓይነት ነበር፤ የእኔ የቻይና ነው። ልጆቹን ኋላ አስተኝቼ፣ ኤሲውን አጥፍቼ፣ በፈጣን መንገዱ ቀኝ ጠርዝ በ60 እየነዳሁ መጣሁ። ቤቴ ስገባ 8 በመቶ ይላል። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ስለዚህ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት የቻርጅ ክዳኑን ክፈቱ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በሠፈራችሁ፣ በሥራ ቦታችሁና በምትሄዱበት መንገድ ያሉት ቻርጀሮች ምን ዓይነት አፍ እንዳላቸው ሄዳችሁ አስተያዩ። በዓይን ግምት አትመኑ። የቻይናው የዝግታ ቻርጅ (ቤት የሚደረገው ዓይነት) መሰኪያና የአውሮፓው ቅርጻቸው መንታ ነው የሚመስለው፤ ግን ወንዱና ሴቷ ተገላብጧል፣ አይገቡም። ማስተላለፊያ አዳፕተር አለ። ለዝግታውና ለፈጣኑ ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ወደ ዲቫይደሩ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 2.2 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ብዙ አይመስልም፤ የውሃ ማፍያም ያን ያህል ይስባል። ማፍያው ግን በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። መኪና ባዶዋን ከሆነች በዚህ ቻርጀር እስክትሞላ ከ27 ሰዓት በላይ ሳታርፍ ትስባለች። ቀጭን የዲቫይደር ገመድ ይህን አይችልም። የላላ ሶኬትም አይችልም።

በማግሥቱ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ሳሎኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ቤት ኧርዝ የለውም እኮ!» አለኝ። ኧርዝ ማለት የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ ነው። አሥራ አራት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። እሱ ያስተካከለልኝን ልንገራችሁ። ከቆጣሪው በቀጥታ፣ ሌላ ነገር የማይነካው 6 ሚሊ ገመድ ዘረጋ። ለብቻው ብሬከር ገጠመለት። መሬት ቆፍሮ ኧርዝ ቀበረ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አሰረልኝ። አሁን ከባዶ እስከ ሙሉ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ምጣዱና ካውያው ካረፉ በኋላ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እሰካታለሁ። የቆጣሪያችሁን አቅምም አስለኩ። ይህን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምሩት፤ ተጨማሪ ቅንጦት አይደለም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ ከመወርወራችሁ በፊት ከኮሚቴው ጋር ተነጋግራችሁ መኪና ማቆሚያው ላይ መስመር ማስገባት ይቻል እንደሆነ እወቁ። ካልተቻለ ለጊዜው ባትገዙ ይሻላል ባይ ነኝ።

ባትሪውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የእኔዋ ባትሪ ከብረትና ፎስፌት የተሠራ ነው፤ ኒኬልና ኮባልት የለውም። እንዲህ ዓይነቱ አልፎ አልፎ 100 በመቶ ቢሞላ ይጠቅመዋል፣ ቀሪውን በትክክል የሚቆጥረውም ያኔ ነው። እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያሉት ኒኬል ያለበት ባትሪ የያዙ ግን ለዘወትሩ 80 ላይ ቢቆሙ ይመረጣል። ጎረቤት የሚያደርገውን አትከተሉ፤ የራሳችሁን ባትሪ እወቁ። ቤታችሁ እንጦጦ አናት ላይ ከሆነ ደግሞ ሞልታችሁ ቁልቁል አትነሱ። ባትሪው ቦታ ስለሌለው ቁልቁለቱን መልሶ መቀበል አይችልም፤ ያለውን ሸክም ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል።

ባትሪው ወለሉ ሥር መተኛቱን ጎሚስታ ቤት ነው በደንብ የተረዳሁት። ጎማ ተነፍሶብኝ ልጁ እንደለመደው ክሪኩን መሀል ሆዷ ሥር አስገባ። ጮኼ አስቆምኩት። የሚነሣባቸው ቦታዎች በበሮቹ ሥር ጠርዝ ላይ ምልክት አላቸው፤ ከዚያ ውጭ ከተነሣች የሚደቅቀው ውዱ ባትሪ ነው። ያገለገለች ስትገዙም ምንጣፍ አንጥፋችሁ ሥሯን በእጅ መብራት እዩ። የተጫረ፣ የጎደጎደ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ካያችሁ ትታችኋት ሂዱ።

ዋስትናውን ሳነሣ አሁንም ይቆጨኛል። ቻይና ውስጥ ታርጋ ወጥቶላቸው፣ ምንም ሳይነዱ፣ «ያገለገለ» ተብለው የሚላኩ አዳዲስ መኪኖች አሉ። ቆጣሪያቸው ዜሮ ነው። የፋብሪካው ዋስትና ግን ለመጀመሪያው ገዢና ለዚያ አገር የተሰጠ ነው፤ ውቅያኖስ አይሻገርም። የእኔም እንደዚያ ሆና ተገኘች። የሸጠልኝ ቤት «ስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ሲለኝ ወረቀቱን አልጠየቅኩም፤ በኋላ ስጠይቅ ወረቀት የለም። የስልክ መተግበሪያውም እዚህ አይሠራልኝም፣ ሶፍትዌሩም አይታደስልኝም። ዋስትና ከተባላችሁ ማን፣ በየትኛው ጋራዥ፣ ለባትሪው ስንት ዓመት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ተቀበሉ። ካልጻፉላችሁ የለም ብላችሁ ቁጠሩትና ዋጋውን በዚያ ልክ ተከራከሩ።

ይህን ሁሉ ብዬም ወደ ቪትዝ አልመለስም። ቪትዟ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ትጠጣ ነበር፤ ይቺ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ትወስዳለች። በዛሬው የነዳጅና የመብራት ዋጋ ራሳችሁ አባዙት። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። ባለፈው ክረምት የሠፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሁለት ሌሊት ጨለማ ስንሆን ከመኪናዋ ኤሌክትሪክ በሚያወጣው ገመድ ፍሪጁንና ሁለት አምፖል አሠራሁ። የእናቴ ኢንሱሊን አልተበላሸም። ከባትሪው የወሰደው 6 በመቶ ነው። (ገመዱን በቀጥታ ከፍሪጁ ጋር ብቻ አገናኙ። ወደ ቤቱ መስመር ከመለሳችሁት ምሰሶ ላይ የሚሠራውን የመብራት ኃይል ሰው ልትገድሉት ትችላላችሁ።)

የባለቤቴ እህት ሰሞኑን ልትገዛ ነው። ደላላው ሦስት መኪና ደርድሮላታል፣ ቀለም እየመረጠች ነው። ቅዳሜ አብሬያት እሄዳለሁ። ምንጣፉንና የእጅ መብራቱን ከአሁኑ ኋላ ሳጥን ውስጥ አስገብቻለሁ፤ የቤቷን ቆጣሪ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ዓርብ ያይላታል።