ፌስታል ውስጥ የነበሩት ሁለት ወረቀቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለች ትንሽ ፋርማሲ ነው የምሠራው። አንድ ጠዋት አንድ ጎልማሳ ገባና «እህቴ፣ ለእናቴ ዳይክሎፌናክ ስጪኝ፤ ጉልበቷ እንቅልፍ ነስቷታል» አለኝ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ስለው ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ኢናላፕሪል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ሁለቱም የደም ግፊት መድኃኒቶች ናቸው። ያለቀ የዳይክሎፌናክ እሽግም አለ።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳይ ሁሌም እደነግጣለሁ። ኩላሊት ደም የሚያጣራው በግፊት ነው። ዳይክሎፌናክ ደም ወደ ማጣሪያው የሚገባበትን ቧንቧ ያጠበዋል። ኢናላፕሪል የሚወጣበትን ያሰፋዋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ የሚያሸና ስለሆነ ውሃ ይቀንሳል። ያኔ የማጣሪያው ግፊት ይወድቃል።

«ተቅማጥ ይዟቸው ነበር?»

«ሰሞኑን አዎ። ግን ኩላሊቷን ክሊኒክ አይተውላታል፤ ኖርማል ነው ብለውናል።»

ወረቀቱን አየሁት። ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ፣ 1.0። እውነትም ከመደበኛው አልወጣም። ከሥሩ ግን ጠርዙ የተበላ ሌላ ወረቀት ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት የተሠራ። 0.6 ይላል።

ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ከሲታ አዛውንት ጡንቻቸው ትንሽ ስለሆነ ኩላሊታቸው ደክሞም ቁጥሩ ደህና ይመስላል። ደግሞም ዘግይቶ ነው የሚጨምረው። ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመሪያ በ48 ሰዓት ውስጥ የ0.3 ጭማሪ ብቻ እንኳ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው ይላል። የእናትየው ወረቀቶች የሁለት ወር ልዩነት ቢኖራቸውም፣ ከ0.6 ወደ 1.0 መውጣት ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ኪም-1 የሚባል ጉዳቱን ቀድሞ የሚያሳይ የሽንት ምርመራም አለ፤ እኛ ሰፈር ግን አላየሁትም። እዚህ ያለን የድሮ ወረቀት ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙ ሰው ይጥለዋል።

ዳይክሎፌናኩን አልሸጥኩለትም። «ታዲያ ስትሰቃይ ልያት?» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፣ እናቱ ናት። ፓራሲታሞል ሰጠሁትና እሱ እዚያው ቆሞ እያለ ጤና ጣቢያ ላለው ሐኪም ደወልኩ። ሐኪሙ በዚያው ቀን አያቸው። ዳይክሎፌናኩን አስቆመ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ተቅማጡ እስኪቆም አቆያቸው፣ ኦአርኤስ አዘዘ። በሳምንቱ ሲመረመሩ 0.7 ሆነ።

ጉልበታቸው አሁንም ያማቸዋል። ግፊታቸው እየታየ ኢናላፕሪሉን ቀጥለዋል። እኔም የመድኃኒታቸው ካርቶን ላይ የክሬቲኒን ቁጥራቸውንና ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ሌላ ፋርማሲ ቢሄዱም የሚያስተናግዳቸው ሰው ያየዋል።