የአንድ ቦረቦርና የሁለት ዓመት የድጋፍ ፍለጋ ማስታወሻ

ከደሴው የጦሳ ተራራ ተዳፋት የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ከቤቶቻችን ጀርባ ቦረቦር መቆፈር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ልጆች ሳለን በአንድ ዝላይ እንሻገረው ነበር። በ2015 ክረምት መውጫ ላይ ግን ጠርዙ ወደ አንዲት ጎረቤታችን ማዕድ ቤት ተጠጋ፤ እሳቸውም ሌሊት ዝናብ በጣለ ቁጥር ልጆቻቸውን እየቀሰቀሱ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ያዛውሩ ጀመር። ቅሬያችን (እድርን እኛ ቅሬ እንለዋለን) በጥቅምት 2016 ተሰብስቦ ሲመክር፣ ከመንግሥት ወይም ከኤምባሲ ድጋፍ እንዲፈለግ ተወሰነ። የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ በሙያዬም ሒሳብ ያዥ ስለሆንኩ ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እዚህ የማሰፍረው፣ በየሰፈራቸው እንዲህ ያለ ሥራ የያዙ የቅሬና የእድር ጸሐፊዎች እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እንዳያባክኑ ብዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ያለ ፍሬ አለፉ። «ሰፈራችን በጎርፍ አደጋ ላይ ስለሆነ ድጋፍ እንጠይቃለን» የሚል የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አድራሻውን ብቻ እየቀየርኩም ለአምስት ቦታ ላክሁት። ከአራቱ ምላሽ አልመጣም። አምስተኛው በሁለት መስመር መለሰልኝ፦ የምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁን፣ ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርትና የባንክ ሒሳባችሁን ላኩ። ቅሬያችን ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ስንቱን ቀብሯል፣ ስንቱን አጽናንቷል፤ ማኅተምም መዝገብም አለው። በለጋሽ ፊት ግን ሕጋዊ ሰውነት አልነበረውም።

ስለዚህ አዋጁን ፈልጌ አነበብኩ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 የተካ ሲሆን፣ እድርን፣ እቁብንና እነዚህን የመሰሉ ባህላዊ ስብስቦችን እንደማይመለከት በግልጽ ያስቀምጣል። ይህ በደኅናው ቀን ለቅሬ ነጻነት ነው፤ በስሙ ድጋፍ መጠየቅ ሲያስፈልግ ግን ያው ነጻነት በር ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ የታዩኝ መንገዶች ጥቂት ነበሩ። ከቅሬው አባላት አዲስ ማኅበር አቋቁሞ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ነገር ግን አዲስ ማኅበር የሚያሳየው የኦዲት ታሪክ አይኖረውም። ቀበሌው ወይም የከተማው አስተዳደር አመልካች እንዲሆን መጠየቅም ይቻላል፤ የአካባቢ አስተዳደርን በአመልካችነት የሚቀበሉ ለጋሾች አሉና። እኛ በደቡብ ወሎ ለዓመታት የሠራ፣ የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት አመልካች ሆኖልን ቅሬው የሥራው ባለቤት እንዲሆን ተዋዋልን።

ስለ ውሉ ጥቂት ልበል። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እኛ ደግሞ ድርጅቱ ከዚህ ፕሮጀክት ለአስተዳደር የሚይዘው ስንት እንደሆነ፣ ቼክ ላይ እነማን እንደሚፈርሙ፣ የተገዛው ዕቃ በማን መጋዘን እንደሚቀመጥ፣ ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ሽቦና መሣሪያ ለማን እንደሚሆን በሁለት ገጽ ጻፍን። የድርጅቱ ሰዎች ቅኖች ናቸው፤ ቢሆንም ሒሳብ ያዥ ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ወዳጅነትን ያቆሰለው ብዙ ጊዜ ያልተጻፈው ነገር ነው። ውሉን ከማርቀቅ እስከ መፈራረም ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልተጨቃጨቅንም።

እግረ መንገዴን የለጋሾቹን ጠባይ አጠናሁ። የጃፓን መንግሥት በኤምባሲዎቹ በኩል ለታችኛው ማኅበረሰብ የሚሰጠው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የአንድ ፕሮጀክት የተለመደ ጣሪያው 10 ሚሊዮን የን ነበር። ግንባታና ዕቃ ላይ ያተኩራል፤ ለደመወዝና ለዕለት ተዕለት ማስኬጃ አይከፍልም። በአገራችን ትምህርት ቤቶችና የውሃ ተቋማት ተሠርተውበታል። የካናዳ መንግሥት ለአካባቢ ተነሳሽነቶች የመደበው ፈንድ ደግሞ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100,000 የካናዳ ዶላር ይደርሳል፤ አካባቢ ጥበቃና የአየር ንብረት ከሚደግፋቸው ጉዳዮች መካከል ናቸው፤ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይጻፋል። ከነዚህ ሌላ፣ በርካታ መንግሥታት ከሚያዋጡለት የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የሚመነጭና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚተዳደር የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ ሲሆን ለብዙ ዓመታት የአንድ ድጋፍ ጣሪያው 50,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከማኅበረሰቡ በገንዘብም ሆነ በዓይነት መዋጮ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው የዘመን አቆጣጠሩን ነው፤ እኔም ስቼዋለሁ። የእኛ መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የካናዳና የጃፓን ደግሞ መጋቢት 23 ጀምሮ መጋቢት 22 ያበቃል። በአንድ የበጀት ዓመት ተጀምሮ ማለቅ ያለበት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ለሥራ የሚደርሰው ከመስከረም በኋላ ነው። ችግኝ የሚተከለው ደግሞ በሐምሌ ነው። በመጀመሪያው ረቂቄ ውስጥ 6,000 ችግኝ በለጋሹ ገንዘብ እንደሚተከል ጽፌ ነበር፤ የተከላው ወር ከፕሮጀክቱ ዕድሜ ውጭ እንደሚወድቅ አላስተዋልኩም። በዚያ ላይ እኛ አገር የበልግ ዝናብ አለ፤ አንዳንድ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ መሬቱን ያረጥበዋል። ስለዚህ ለድንጋይና ለጋቢዮን (በሽቦ መረብ ለሚታሰር ድንጋይ) ሥራ የሚታመነው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ብቻ ነው። የሥራ መርሐ ግብሩን በዚህ መሠረት ዳግመኛ ስሠራው፣ በበጋ የሚገነባው ሁሉ ወደ ለጋሹ፣ በክረምት የሚተከለው ሁሉ ወደ ቅሬው መዋጮ ሄደ። አንዱ ለውጥ ማመልከቻውን በሙሉ አቃናው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን መለካቱ ነው። በሚያዝያ 2016 የከተማውን ግብርና ባለሙያ ለምነን መጡልን። ከላይ እስከ ታች አብረውን ወረዱ፤ ቁመቱን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን በየሃያ ሜትሩ በገመድና በምልክት እንጨት ለካን። ቦረቦሩን አቋርጦ ጎርፉን የሚገታውን የድንጋይ ግድብ፣ የክትርን አቀማመጥ ሕግም እዚያው አሳዩን፦ የታችኛው ክትር ራስ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ መሐሉ ከራቀ ውሃው ፍጥነቱን መልሶ ያገኝና የላይኛውን እግር ይበላዋል። የክትሩ መሐል ዝቅ ብሎ ውሃ መተላለፊያ ካልተደረገለት ደግሞ ጎርፉ በጎን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ አየሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ የግብርና ሚኒስቴርን የሥራ መለኪያ ሰጡን። ለድንጋይ ክትር የአንድ ሰው የቀን ሥራ ግማሽ ሜትር ኩብ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ ለድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይያዛል። የእኛ ክትር እያንዳንዱ ከነመሠረቱ 5 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ 10 የሰው ቀን ይጠይቃል፤ 14 ክትር 140 የሰው ቀን ማለት ነው። ቅሬያችን 90 ቤት አለው፤ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ቀን ቢሰጥ 180 ይሆናል። ስሌቱን በስብሰባ ላይ ሳነብ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ የቅሬው ዳኛ «ታዲያ ልጄ፣ ለዚህ ሥራ ነው እንዴ ኤምባሲ ድረስ ደብዳቤ የጻፍነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠቅላላውን ሥራ ከለጋሽ ስንጠብቅ ቆይተናል። እጃችን የሚችለውን ቀንሰን ስናይ የቀረው ሦስት ነገር ብቻ ሆነ፦ ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር በሚበልጥበት በታችኛው ክፍል ለሚሠራው የጋቢዮን ግድብ የሚሆን ሽቦ፣ ከላይ ጎርፉን የሚቀለብሰው ቦይ የሚገነባበት ሲሚንቶና የግንበኛ ክፍያ፣ እንዲሁም የችግኝ ጣቢያ መሣሪያ። የትኛውን በር እንደምናንኳኳ የወሰነልን ይህ ቀሪ ሒሳብ ነው። ዕቃና ግንባታ ለሚሸፍን ለጋሽ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ፣ የእኛ ጉልበት በዓይነት መዋጮ ተቆጥሮ ምን ያህል ብር እንደሚያወጣ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ላይ ፍንትው ብሎ ታየ። ከአሥራ አራቱ ክትሮች ዘጠኙን ማንንም ሳንጠብቅ በሚቀጥለው ጥር እንድንጀምርም ያኔ ተስማማን።

ስለ ዋጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ የሰበሰብኩት በሰኔ 2016 ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከነበረበት እጅግ ወረደ፤ የእኔም ፕሮፎርማ የወረቀት ክምር ሆኖ ቀረ። አሁን ፕሮፎርማ የምሰበስበው ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። የሚጸናበትን ቀን ነጋዴው በጽሑፍ እንዲያሰፍር እጠይቃለሁ፤ የለጋሹ ደንብ ከፈቀደም ለዋጋ ንረት መጠባበቂያ እይዛለሁ።

በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደማይገባም ጥር 2017 አሳየን። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ያገደው ጥር 12 ቀን ነው፤ በዚያ ገንዘብ ላይ ተመሥርተው ያቀዱ ስንት ማኅበራት ባዶ እጃቸውን እንደቀሩ በዓይናችን አየን።

በመጋቢት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። እዚያ የቦርከናን ዳርቻ ከቆሻሻ አጽድተው ቀርከሃ የሚተክሉ ወጣቶች አሉ። ቦርከና ከእኛ ተራሮች ተነስቶ በእነሱ ከተማ አልፎ ነው ጨፋ የሚደርሰው፤ እኛ ያልያዝነው አፈር እነሱ ዘንድ ደለል ሆኖ ይወርዳል። ከእነሱ የተማርኩት ፎቶግራፍ አነሳስን ነው። በአንድ ድንጋይ ላይ በቀለም ምልክት አድርገው፣ በየሦስት ወሩ እዚያው ቆመው፣ ያንኑ አቅጣጫ ያነሳሉ። ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ለውጡ ይታያል። እኛም በነጋታው አራት ቦታ ቀለም ቀባን።

ዳግመኛ የሠራነው ማመልከቻ በግንቦት 2017 ገባ። ቅጹ ሴቶች በፕሮጀክቱ ያላቸውን ድርሻ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ረቂቅ «ሴቶች ተጠቃሚ ይሆናሉ» ብዬ አልፌው ነበር፤ አሁን ግን ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስበን ጠየቅናቸው። ጎርፉ ከላይ በሁለት አቅጣጫ እንደሚገባ፣ እኛ የምናውቀው አንዱን ብቻ እንደሆነ የነገሩን እነሱ ናቸው፤ ዝናብ ሲጥል ቤት ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸውና። የመቀልበሻ ቦዩ መስመር በዚያ ምክንያት ተቀየረ። ያ ባይሆን ኖሮ ቦዩን ሠርተን ውሃው በሌላ በኩል ይመጣብን ነበር።

በነሐሴ ከለጋሹ ዘንድ አንዲት ባለሙያ ለጉብኝት መጡ። ዝናብ እያካፋ ቦረቦሩን ከዳኛው ጋር እስከ ታች ወረዱት። በጥር የገነባናቸውን ዘጠኝ ክትሮች አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ከሦስተኛው ኋላ የተኛውን ደለል በዱላ ለክተው ጉልበት ድረስ እንደሚደርስ አዩ። ቡና ተፈልቶ በረካው እስኪወርድ ከጠየቁን ሁሉ ዋናው «ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የፈረሰውን ማን ይጠግናል?» የሚለው ነበር። ዳኛው የቅሬውን መዝገብ አስመጥተው አሳዩአቸው። በጥቅምት ያጸደቅነው ቃለ ጉባኤ እዚያ አለ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ የጥገና ቀን ይኖራል፤ የቀረ ሰው ከቀብር የቀረ ሰው የሚቀጣውን ያህል ይቀጣል። ባለሙያዋ ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አስተረጎሙትና ቅጂ ጠየቁ። ከሃያ ሁለት ገጽ ማመልከቻዬ ውስጥ እንዲህ ትኩር ብለው ያዩት ገጽ አልነበረም።

ውሳኔው ገና አልደረሰንም። እስከዚያው ለቀሩት አምስት ክትሮች ድንጋይ እያቀረብን ነው፤ በሐምሌ በደለሉ ላይ የተከልነው ዴሾ ሣር ታጭዶ ለከብት ሆኗል፤ ከጠርዙ ወዲህ ያለው ወይራና ዋንዛም አብዛኛው ይዟል። ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ እስከ ቦረቦሩ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሚያዝያ 2016 ስንለካው 4 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከዚያ ክረምት በኋላ 3 ሜትር ከ10 ሆነ። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን የገመዱን አንድ ጫፍ ይዘውልኝ እንደገና ለካሁት፤ 3 ሜትር ከ10 ነው።