450 ብሩ የት ገባ?

ጥቅምት 2018፣ ቱሉ ዲምቱ

ሐምሌ ላይ እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ በ450 ብር ጨመረ። አሠሪዬ አስቦልኝ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር እኛ መሥሪያ ቤት በሕልምም አይታይ። የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ከ12,000 ብር ደመወዜ ላይ ይቆረጥ የነበረው 2,700 ብር ወደ 2,250 ወረደ። 7 በመቶ የጡረታው 840 ብር እንዳለ ነው። 8,460 ስቀበል የነበርኩት ሴትዮ 8,910 ተቀባይ ሆንኩ። ፔሮሉን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሜ ያየሁትም እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ክፋት አይደለም። "ይቺ ብር እስከ ትናንት አልነበረችም፤ ለብቻዋ ባስቀምጣት ማንም አይጎዳም" ብዬ ነው።

ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ሦስት ወር፣ 1,350 ብር። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የባንክ ሂሳቤን ሳየው 212 ብር አለ።

ቃሊቲ አንድ አስመጪ መጋዘን ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ገንዘብ ሦስት ብር ከአርባ ሳንቲም ካልገጠመልኝ ሰርቪሱ ያምልጠኝ እንጂ አልነሳም። አንዴ ለ11 ብር ልዩነት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብያለሁ። የራሴ 1,350 ብር ግን ደረሰኝም ሳይተው፣ ደህና ሁኚም ሳይለኝ ሄዷል።

መጀመሪያ የቴሌብሬን ዝርዝር ከፈትኩ። በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ሰዉ ተሰልፎ ሲመዘገብ እኔ "ገንዘብ በስልክ? ወግዱ" ያልኩ ሰው ነኝ። አሁን ዳቦ የምገዛው በእሱ ነው። ዝርዝሩን በአውራ ጣቴ ወደ ታች ስስበው ስስበው አያልቅም፤ 30፣ 45፣ 60፣ 30። አንዱም ሲወጣ ያመመኝ የለም። መስከረም 2013 የ200 ብር ኖት አዲስ የወጣ ጊዜ ትዝ አለኝ። አንዷ ደርሳኝ ላለመዘርዘር ብዬ ሁለት ቀን ታክሲ በሳንቲም ስሄድ ነበር። "ከተዘረዘረች አለቀች" ይባል ነበር፤ እውነትም ነበር። ስልክ ውስጥ ያለ ብር ግን ከመጀመሪያውም ተዘርዝሮ ነው የሚቀመጠው።

ዝርዝሩ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ስም ነው፤ ከብሎካችን ሥር ያለው ሱቅ። ለዱቤ የከፈልኩት። 600፣ 850፣ 720። የምን 850?

ዛሬ ጠዋት ወርጄ "እስቲ ደብተሩን አሳየኝ" አልኩት። ልጁ ደነገጠ። የተጣላሁት መስሎት "ምነው እትዬ፣ ጨመርኩብሽ እንዴ?" አለ። ዳሩ የተጎነደለ፣ ዘይት የጠጣ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር ነው። ደንበኞቹን በስም አይጽፍም፤ ማን ስም ይጠይቃል። "መነጽር"፣ "የዘበኛው ሚስት"፣ "ፎቅ 5 ጺም" ይላል። የእኔን ገጽ ሲያወጣው ከላይ በቀይ እስክሪብቶ "ሂሳብ" ተብሎ ተጽፏል። ሥራዬን ነግሬው ነበርና ለእሱ ስሜ ይኸው ነው። እትዬ ሂሳብ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ከነጀርባው ዕዳ ያለባት።

እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አነበብኩት። የእኔ ማስታወሻ እንዲህ የተሟላ ሆኖ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ትልቋ ልጄ የታመመችበት ሳምንት አለ፤ ሎሚ፣ ማር በትንሹ ዕቃ፣ ሶፍት ሁለት። የቡሄ ዋዜማ አለች፤ ዱቄት፣ እርሾ። መብራት የጠፋባቸው ሌሊቶች በሻማ ቁጥር ይታወቃሉ። በእነዚህ ሁሉ መሐል እንደ መዝሙር አዝማች እየተመላለሰ "ዘይት ግማሽ"፣ "ዘይት ግማሽ"፣ "ዘይት ግማሽ"።

እንዴት እንደ ጀመረ አውቃለሁ። እኔ በየወሩ ደመወዝ ስቀበል ባለ 5 ሊትሩን ዘይት የምገዛ ሰው ነበርኩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት የ2018 ምዝገባ አሁኑኑ ካልተከፈለ ቦታ የለም አለ፤ ክፍያውም ጨምሯል። ያንን ስከፍል ለዘይቱ የሚሆን ድፍን ብር አልቀረም። "ለዛሬ ግማሽ ሊትር ይበቃኛል" አልኩ። ያቺ ዛሬ ሦስት ወር ሆናት። ባለ 5 ሊትሩ 1,500 ብር ነው፤ ሊትሩ 300 መጣ ማለት ነው። የሱቁ ግማሽ ሊትር 180 ነው፤ ሊትሩ 360። በወር ስምንት ግማሽ ወስጃለሁ፤ 1,440 ብር። ያው 4 ሊትር ከጀሪካኑ ቢቀዳ 1,200 ነበር። 240 ብር በወር፣ አንድ ጠብታ ትርፍ ዘይት ሳላገኝበት። ልጁን አልወቅሰውም። እሱም ጀሪካን ገዝቶ፣ ቀድቶ፣ ለእኔ ዓይነቷ ዱቤ ሰጥቶ፣ አንድ ወር ጠብቆ ነው የሚያተርፈው። ድፍን ብር የሌለው ሰው በውድ ይገዛል፤ በውድ ስለሚገዛ ድፍን ብር አይኖረውም። ቱሉ ዲምቱ ስንመጣ ሳሪስ ከምንከፍለው ኪራይ 3,000 ብር ቀንሰን ነበር። ዳር መኖር ርካሽ ነው ያለኝ ሰው ታክሲውንና ይህን ግማሽ ሊትር ነገር አልነገረኝም።

ደግሞ ዘይት ከመጀመሪያው የት ነበረና! ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እኛ መጋዘን የዕቃ ዋጋ ስንቀይር ሰነበትን፤ ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የተቀየረብኝ እኔ ነኝ።

ሁለተኛው አዝማች "ብስኩት" ነው። 27 ጊዜ። እኔ ብስኩት ገዝቼ አላውቅም።

"ትንሹ ነው" አለ ልጁ እየሳቀ። "'እማዬ ጻፍ ብላለች' ይለኛል።"

ሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ የጀመረ ነው። ባለ 15 ብሩን፣ በወር ዘጠኝ፤ 135 ብር። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጄ በስሜ ብድር ይወስዳል። ልቆጣ አሰብኩና ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም እኔም ነሐሴ ላይ ለደብተርና ለዩኒፎርም በስልክ የሚሰጠውን ብድር ወስጃለሁ። ክፍያውን አስቀድሞ ቆርጦ ነው የሰጠኝ። እሱ እንኳን ብስኩቱን ሙሉ በልቷል።

ነሐሴና መስከረም መሐል ስላለችው ጳጉሜን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የ13 ወር ጸጋ የሚሉት የጉብኝት ማስታወቂያ የተጻፈው ደመወዝ በማይበላ ሰው መሆን አለበት። ደመወዝ 12 ነው፤ አከራይም የሚጠይቀው 12 ነው፤ ሆድ ግን 13 ያውቃል። ለዚያውም ጳጉሜን ዶሮው፣ ቅቤው፣ የልጆች ልብስ ተሰብስበው የሚጠብቁባት ናት። የ2017ቷ 5 ቀን ነበረችና ቀለል አለች፤ 6 የምትሆነው በ2019 ነው። ከአሁኑ ይዤዋለሁ።

እናቴ ለመስቀል ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ከቃሊቲ ወደ ቤት ስንመጣ ረዳቱ "ሒሳብ፣ ሒሳብ" ሲል ስልኬን አወጣሁ። "ተይ፣ እኔ አለሁ" አለችና ወደ መስኮቱ ዞር ብላ መቀነቷን ትፈታ ጀመር። ረዳቱ እጁን እንደ ዘረጋ ቆመ፤ ከኋላ ያለው ሰውዬ ተነፈሰ። እሷ አትቸኩልም። አንዱን ቋጠሮ በጥርሷ ያዝ አድርጋ ፈታች፤ የመንገድ ነው። ከጎኑ ሌላ አለ፤ የስለት። ሦስተኛው ከመጥበቁ የተነሳ ጨርቁ ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል።

"ይሄስ?" አልኳት።

"እሱ የመገነዣዬ ነው፤ አይነካም።"

"ታዲያ እድር የምንከፍለው ለምን ሊሆን ነው?"

"እድሩ ለናንተ ነው፤ ይሄ ለእኔ" አለችና የተፈታውን መልሳ ቋጠረችው።

ያኔ ያሰብኩት ስለ ረዳቱ ፊት ብቻ ነበር። ዛሬ ባንኮኒው ላይ ሆኜ ነው ያቺ ደቂቃ የታወቀችኝ። እናቴ ብር ማውጣት ፈልጋ እስክታወጣ ድረስ ያለችውን ደቂቃ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ስንት ብር "ይቅር" ተብሎ ተመልሶ እንደ ተቋጠረ እግዜር ይወቅ። እኔ ከደመወዜ እስከ ትንሹ ልጄ ብስኩት ድረስ አንድ ቋጠሮ የለኝም። ጻፍ እላለሁ ይጻፋል፤ አውራ ጣቴን አስነካለሁ ይሄዳል።

አይ፣ አንድ አለኝ። የብሎካችን ዕቁብ። 12 ሰው፣ በወር 1,000 ብር። አንድም ወር አላጓደልኩም። ብልህ ሆኜ አይደለም፤ ሰብሳቢዋ አራተኛ ፎቅ ስለምትኖር ነው። እኔ ሦስተኛ ነኝ፤ ደረጃው አንድ ነው። ባንክ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ "ደህና ነሽ፣ የዚህ ወሩስ?" ብሎኝ አያውቅም።

ዕቁብ ኪሳራ አለው የሚሉ አሉ፤ አለው፤ እኔም አስልቼዋለሁ። ባለፈው ዙር ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጥቶልኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ሆስፒታል የተኛባት፤ የእሷ ዕጣ ገና ነው። ለወጥኳትና እኔ አሥራ አንደኛ ወሰድኩ። በሦስተኛው ወር 12,000 ብር የሚገዛውን ጤፍ በአሥራ አንደኛው አልገዛም፤ ኪሎ አነሰኝ። መጀመሪያ የወሰደ ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የወሰደ ያለ ወለድ አበደረ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ግን ባንክ አስቀምጬውስ? ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው፤ 2014 እና 2015 ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሁለቱም ያጎድላሉ። ልዩነቱ ባንኩ ያለው ብር ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተኝቼ እንኳ ማውጣት እችላለሁ፤ ዕቁቡን ግን አሥራ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎበታል። ያቺ ጎረቤቴም በቀደም ጤፍ ከገጠር ሲመጣላት "ግማሹን በመጣበት ዋጋ ውሰጂ" አለችኝ። ይህን የትኛው ዓምድ ላይ እንደምጽፈው አላውቅም።

አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ግማሽ ዕጣ እንድትጨምርልኝ ነገርኳት። 500 ነው፤ 450ዋ ላይ 50 እጨምራለሁ። ሌላውን ግማሽ የያዘችው ያቺው ጎረቤቴ ናት። "ለምን ነገር አሰብሽው?" አለች ሰብሳቢዋ። "ለዘይት" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ለሱቁም ልጅ "ትንሹ ቢመጣ በሳምንት አንድ፣ ከዚያ ካለፈ እማዬን አምጣት በለው" አልኩት። "እሺ፣ እትዬ ሂሳብ" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ ጠራኝ።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ እንደ መሥሪያ ቤቴ ወጉን ጠብቄ አስታረቅኩ። ከላይ 450። ዘይት 240፣ ብስኩት 135። ድምር 375። ሥሩ ላይ "ልዩነት፦ 75" ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ስልኩን እንደገና አየሁ፣ የዱቤውን ገጽ ፎቶ አንስቼው ነበርና እንደገና ደመርኩ፤ 75ቱ የለም።

ባለቤቴ ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ መጣ። ከጋራዥ የመጣ የግሪስ ሽታ ታጥቦም አይለቀው፤ ሳላይ ከኋላዬ መቆሙን ያወቅኩት በእሱ ነው። ወረቀቱን አነበበ።

"450ው የምንድን ነው?"

"የግብር ነው።"

"የምን ግብር?"

ዝም አልኩ። ብርጭቆውን ሞላ። ፍሪጁ ላይ ያለውን የሳንቲም ጣሳ አየት አደረገና፦

"75ቱን አትፈልጊው፤ እሱን እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ ውሃውን ይዞ ገባ።