ባንዲራው ሳይመጣ ያሸነፈችው ማይሊንዳ

እኛ ቤት ኦሎምፒክ ማለት ሩጫ ነው፤ አስር ሺህ ካለቀ ቴሌቪዥኑን የሚያየው የለም። ስለ ጁዶ ልጽፍ ነው ስል የሚስቅ አይጠፋም። ሳቁ፣ ግን የኮሶቮዋን ማይሊንዳ ኬልሜንዲን ሳትሰሙ አትሂዱ።

በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፔያ በምትባል ከተማ ነው የተወለደችው። አሰልጣኟ ድሪቶን ኩካ ራሱ፣ ኮሶቮ ያኔ አካሏ የነበረችው ዩጎዝላቪያ ተስፋ የጣለችበት ጁዶኛ ነበር። ለባርሴሎና ኦሎምፒክ ሲጠበቅ አገሪቱ ፈረሰችና የሱም ነገር እዚያው ቀረ። በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ማሰልጠን ያዘ፤ ማይሊንዳ ከነሱ አንዷ ናት።

በ2009 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። ለንደን 2012 ላይ ግን የኦሎምፒክ ኮሚቴው በ2008 ከሰርቢያ ነጻነቷን ያወጀችውን ኮሶቮን አያውቃትም፣ ስለዚህ የተወዳደረችው ለአልባኒያ ነው። የሞሪሸሷ ክርስቲያን ሌዠንቲል በጊዜ አሰናበተቻት።

ገንዘብ ይዘው ለኛ ተወዳደሪ ያሏት አገሮች ነበሩ፣ እምቢ አለች። ለባህሬን የሚሮጡ ልጆቻችንን ለምናውቅ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። የሄደውን አልወቅስም፤ እንጀራ ነው። የሷ እምቢታ ግን ቀልድ አልነበረም፣ ምክንያቱም ያኔ ኮሶቮ ወደ ኦሎምፒክ ትገባለች ብሎ የማለላት ሰው አልነበረም።

በ2013 ሪዮ ላይ በ52 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዓመቱ ውድድሩ ሩሲያ፣ ቼልያቢንስክ ሆነ። ሩሲያ ኮሶቮን እንደ አገር አትቀበልም። ማይሊንዳ ደግማ አሸነፈች፣ የተሰቀለላት ግን የዓለም ጁዶ ፌዴሬሽን ባንዲራ ነው። አስቡት፣ ከዓለም አንደኛ ወጥታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት የፌዴሬሽን አርማ! የኦሎምፒክ ኮሚቴው በሩን የከፈተው ከዚያ በኋላ፣ ታኅሣሥ 2014 ነው። ለዚህ ነው "የባንዲራ ፍቅር ወርቅ አስገኘላት" ሲባል የማልስማማው። ልጅቷ ቀድማ ታሸንፍ ነበር፤ ባንዲራው ነው ከኋላ የደረሰባት።

ሪዮ 2016 ላይ ሰው የሚያወራው ስለ ፍጻሜው ነው። እኔን የሚገርመኝ ሩብ ፍጻሜው ነው፤ ማን ብትገጥማት ጥሩ ነው? ያቺው ሌዠንቲል! ብድሯን መለሰች። ቀጥላ የጃፓኗን ናካሙራን አለፈች። ፍጻሜ ላይ ከጣሊያኗ ኦዴት ጁፍሪዳ ጋር ልዩነታቸው አንዲት ዩኮ ብቻ ነበረች፣ ማለትም ተጋጣሚን በጎን በመጣል የምትገኝ የዚያን ጊዜ ትንሿ ነጥብ። የሴቶች ግጥሚያ አራት ደቂቃ ነው። አጭር ይመስላል፣ ግን ሙሉውን አራት ደቂቃ ሌላ ሰው ኮሌታችሁንና እጅጌያችሁን ጨምድዶ እየጎተታችሁ ነው። (ዩኮ በቀጣዩ ዓመት ከሕጉ ተሰረዘች፣ በ2025 ደግሞ መለሷት። የጁዶ ሕግ እንዲህ ነው፣ ለምዳችሁት ሳትጨርሱ ይቀየራል።)

የኮሶቮ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ይህ ወርቅ ነው። መድረኩ ላይ አለቀሰች። መዝሙራቸው ግጥም የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው፤ አብራ ልዘምር ብትልም አትችልም ነበር።

ቶኪዮ ላይ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያዋ ተሸንፋ ወጣች። ግን ከሷ አንድ ቀን በፊት ዲስትሪያ ክራስኒቺ በ48 ኪሎ፣ አንድ ቀን በኋላ ኖራ ጃኮቫ በ57 ኪሎ ወርቅ ወሰዱ፤ ሁለቱም የኩካ ልጆች ናቸው። ማይሊንዳ በዚያው ዓመት ውድድር አቁማ ወደ አሰልጣኝነት ገባች። ፓሪስ 2024 ላይ ክራስኒቺ ወደ 52 ኪሎ፣ ወደ ማይሊንዳ ክብደት ማለት ነው፣ ከፍ ብላ ብር አመጣች።