ምላሴ ያስከፈለኝ 3 ሰዓት

ፔንሲልቬንያ፣ ሄዝልተን አካባቢ ሎድ (ጭነት) ያደረሰ የከባድ መኪና ሹፌር መጋዘኖቹን ያውቃቸዋል። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ቀጠሮህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሁን እንጂ ዶክ፣ ማለትም ጭነት የምታራግፍበትን በር፣ የሚሰጡህ ደስ ሲላቸው ነው።

ያን ቀን መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰውዬ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ወረቀቴን ገለጥ አደረጉና «ገብረ... ምን? ይሄን ስም ማን ይጨርሰዋል?» አሉ። ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ አየሁት። ዜድና ደብልዩ የተጨናነቁበት፣ መጨረሻው «ስኪ» የሆነ ስም። ዝም አልኩ።

ቀጥለው ተቆጣጣሪዎች መንገድ ላይ የሹፌሮችን እንግሊዝኛ ስለሚፈትኑበት ነገር አነሱ። «ደግ አደረጉ! ቅድመ አያቴ ከፖላንድ መጥቶ እዚሁ ከሰል ሲቆፍር አስተርጓሚ ያቆመለት የለም።»

እዚህ ላይ ምላሴ አላስችል አለኝ።

ባለፈው ጉዞዬ ትሬይለሩን ጥዬ ቦብቴይል (ጎታቹ መኪና ብቻ) ስሆን ላቲመር ደረስ ብዬ ነበር፤ ከሄዝልተን ቅርብ ናት። የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1897 የአሜሪካን ባንዲራ ይዘው ባዶ እጃቸውን በወጡ አድማ መቺዎች ላይ ሸሪፉና ያስታጠቃቸው ሰዎች ተኩሰው 19 ሰው ገደሉ። ፖላንዶች፣ ስሎቫኮች፣ ሊቱዌንያውያን። ብዙዎቹ ከጀርባቸው ነው የተመቱት። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1898፣ ፍርድ ቤት ተኳሾቹን በነጻ አሰናበተ። ማታ መኪናው ውስጥ ጋደም ብዬ ሳነብ ደግሞ የዚያኑ ዓመት ሕጎች አገኘሁ። ዜጋ ያልሆነ ሠራተኛ በሰው በቀን 3 ሳንቲም ግብር ተጣለበት። በወረቀት ከፋዩ አሠሪው ነው፣ ከማን ደሞዝ እንደሚቆረጥ ግን ታውቁታላችሁ። ይሄኛው ወዲያው በፍርድ ቤት ወደቀ። የከሰል ቆፋሪነት ፈቃድ የፈለገ ደግሞ ቢያንስ 12 ጥያቄ በእንግሊዝኛ መመለስ ነበረበት።

«ታዲያ ቅድመ አያትዎ አሥራ ሁለቱን ጥያቄ መለሱ?» አልኳቸው።

እስክሪብቶው ቆመ። «የምን አሥራ ሁለት?»

አስረዳኋቸው፣ በዚሁ በማይለቀኝ አክሰንቴ። ከኋላዬ የቆመው ዶሚኒካዊ ሹፌር ሳቁን ለቀቀው። ነገሩን ያበላሸው እሱ ነው እላለሁ እስከ ዛሬ። ሰውዬው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና «ያ ሌላ ነው» ብለው መስኮቱን ዘጉት።

3 ሰዓት ሙሉ ተገተርኩ። የሳቀው ልጅ እንኳ አራግፎ፣ ጡሩምባ ነፍቶልኝ ሄደ። ዲስፓቸሬ፣ ሥራ የሚመድብልኝ ሰው፣ ሲደውል «ዶክ ሞልቷል» አልኩት። ታሪክ እያስተማርኩ ነው አይባል ነገር!

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር መስኮት ላይ አፍህን ዝጋ እላለሁ።

በወሩ እዚያው ተመለስኩ። ሰውዬው አሉ። ወረቀቴን ተቀበሉ፣ ስሜን ለማንበብም አልሞከሩም። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በማይክራፎን ጮኹ፦

«ትዌልቭ! ዶክ ዘጠኝ!»