በሙኑኪ ግቢያችን ያየነው የጌታ ማዳን

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስሙ የተባረከ ይሁን። እኔና ባለቤቴ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ በሚስዮናዊነት ባገለገልንባቸው ዓመታት እግዚአብሔር ያደረገልንን፣ በተለይም በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. በከተማዋ ውጊያ በተነሣ ጊዜ ጸሎታችንን እንዴት እንደ መለሰልን ለቅዱሳን ልመሰክር እወዳለሁ። ይህን ታሪክ የሚሰሙ ብዙዎች አስቀድመው ስለ ተኩሱ ይጠይቁኛል። እኔ ግን ከዕለት ተዕለት ኑሯችን እጀምራለሁ፤ ጌታ ያዳነን በዚያው ኑሮ በኩል ነውና።

ቤታችን በሙኑኪ ሰፈር በቆርቆሮ የታጠረ ትንሽ ግቢ ውስጥ ነበር። የቧንቧ ውኃ አልነበረንም። ከነጭ ዓባይ የተቀዳውን ውኃ ቦቴዎች እያመላለሱ በየቤቱ ያራግፋሉ፤ ከሾፌሮቹም ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆችና ኤርትራውያን ስለ ነበሩ፣ ገና ከሩቅ በአማርኛና በትግርኛ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር። በታኅሣሥ 2008 መንግሥት የገንዘቡን ምንዛሪ ለገበያ በለቀቀው ጊዜ፣ በባንክ 3 ፓውንድ ያህል የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ውኃውም ዳቦውም ዘይቱም ዋጋው ሽቅብ ወጣ። እኔም ልጆቼን ያጠብሁበትን ውኃ አጠራቅሜ ልብስ እዘፈዝፍበት፣ ከዚያም ደጁን እረጭበት ጀመር። ይህን የምጽፈው ችግራችንን ለማሳየት አይደለም፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ የሚኖሩት እንዲሁ ነበር።

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ በማንጎ ዛፍ ሥር ወንጌላውያንን ያስተምራል። አብዛኞቹ በረጅሙ የጦርነት ዘመን በጫካና በስደተኞች መጠለያ ያደጉ፣ እግዚአብሔርን በእውነት የሚያውቁ፣ ነገር ግን ተቀምጠው ለመማር ዕድል ያላገኙ ሰዎች ነበሩ። ባለቤቴ የጁባ ዓረብኛን የተማረው በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከነጋዴዎች ጋር እየተቀመጠ ነው። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሴቶችን ፊደል አስተምር ነበር፤ እነርሱም በፈንታው ሚላያ የሚሉትን የአልጋ ልብስ በቀለም ክር መጥለፍ አስተማሩኝ፤ በዚያ ጥልፍ ላይ ጎንበስ ብለን ያወራነውን ያህል በየትኛውም ጉባኤ አውርተን አናውቅም።

ከሁሉ የበለጠውን ጊዜያችንን የወሰደው ግን ለቅሶ መቀመጥ ነበር። በጁባ ሰው ሲሞት ድንኳን ተተክሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ሐዘንተኛው ለብዙ ቀናት ብቻውን አይተውም፤ ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ከጎናችን የሚኖሩ አንድ የባሪ ብሔረሰብ ሽማግሌ ነበሩ። ወጣት ልጃቸው በሕመም ሲሞት ባለቤቴ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር መቃብር ቆፈረ፤ ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስም በየማታው አጠገባቸው ተቀመጠ። ሽማግሌው ብዙ አይናገሩም፤ ወደ ጸሎት ቤታችንም መጥተው አያውቁም። ለላከችን ቤተ ክርስቲያን በምንጽፈው ሪፖርት ላይ የተማሩትንና የተጠመቁትን እንቆጥራለን፤ በለቅሶ ቤት ያለፈውን ምሽት ግን የምናሰፍርበት ቦታ አልነበረም። እኔ እንደማምነው፣ በዚያች ከተማ ከሠራነው ሁሉ ጌታ አብልጦ የተጠቀመበት ያንን ነው።

በነሐሴ 2007 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ከዲንካው ፕሬዚዳንት ከሳልቫ ኪር ጋር ሲዋጉ የነበሩትን ኑዌሩን ሪክ ማቻርን በሚያዝያ 2008 ወደ ጁባ መልሷቸው፣ ሕዝቡ በጥንቃቄም ቢሆን ተስፋ ማድረግ ጀምሮ ነበር። በሰኔ 30 ቀን ምሽት በጉደሌ ሰፈር አንድ ኬላ ላይ ተኩስ ተከፈተ። በማግሥቱ ዐርብ ሁለቱ መሪዎች በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሳሉ በውጭ ጠባቂዎቻቸው ተታኮሱ። ቅዳሜ ሐምሌ 2 አገሪቱ ነጻ የወጣችበት አምስተኛ ዓመት ነበር፤ በዓሉ ቀድሞም በገንዘብ እጥረት ስለ ተሰረዘ ከተማዋ ጸጥ ብላ ዋለች። እሑድ ጠዋት ግን ከጀበል ሰፈር በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰማ፤ ታንክ ወጣ፤ ተዋጊ ሄሊኮፕተሮች በላያችን ማለፍ ጀመሩ። ልጆቻችንን በወፍራሙ ግድግዳ ሥር አስተኝተን ፍራሽ ደገፍንባቸው። የስልክ መስመሩ ይመጣና ይሄድ ስለ ነበር፣ ባለቤቴ ለላከችን ቤተ ክርስቲያን አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ላከ፤ በኋላ እንደ ነገሩን፣ መልእክቷ የደረሰችው በእሑድ አምልኮ ላይ ሳሉ ስለ ነበር መርሐ ግብሩን አቁመው ምእመናኑ ሁሉ ተንበርክከው ስለ እኛ ለመኑ።

ቦቴ ዐርብ ቀን ቀርቶብናል። በርሜሉ ባዶ ነበር፤ በቤት ውስጥ የቀረን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ እርሱም ከግማሽ የጎደለ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሳለን ከቀትር በኋላ የግቢው በር በዝግታ ተንኳኳ። ከፊደል ተማሪዎቼ አንዷ የሆነች የኑዌር ብሔረሰብ እናት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ ታላቅየውን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። በታኅሣሥ 2006 በጁባ በኑዌሮች ላይ የደረሰውን ግድያ የማያውቅ ስለሌለ፣ ለምን እንደ መጣች አልጠየቅናትም። ባለቤቴና እኔ ተያየን። ያለው ውኃ ለልጆቻችን እንኳ የሚበቃ አልነበረም፤ እርስዋን ማስገባትም የሚያመጣው አደጋ ሌላ ነበር። ባለቤቴ በሩን ከፈተና እንድትገባ በእጁ አመለከታት፤ ከዚያም በዝቅታ ድምፅ፣ “ጌታ ሆይ፣ እንግዳውን የላክህ አንተ ነህ፤ ውኃውንም አንተ ታውቅበታለህ” ብሎ ጸለየ። ከዚህ የረዘመ ጸሎት የምንጸልይበት ጉልበት አልነበረንም።

ሴቲቱ ከቅዳሜ ጀምሮ ውኃ በአፏ አልዞረም። ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። የሚያጠባ ሰው ውኃ ካላገኘ ወተት እንደማይወርድ እናቶች ሁሉ ታውቃላችሁ። ከጀሪካኑ ለእርስዋ በትልቁ ኩባያ፣ ለልጆቹ በትንሹ፣ ለእኛ ለሁለታችን ከንፈር ለማርጠብ ያህል አካፈልን፤ ሊመሽ ሲል ጀሪካኑ ተሟጠጠ። ያን ጊዜ እኔ በልቤ የሣራጵታዋን መበለት እያሰብሁ፣ “የእርስዋ ማድጋ አልጎደለም፤ የእኛ ግን አልቋል” እያልሁ ወደ ጌታ አለቀስሁ።

ጨለማው ሲወርድ ሰማዩ ተቀደደ። ሐምሌ በጁባ የዝናብ ወራት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚያ ምሽት የወረደው ዝናብ፣ ከነጎድጓዱና ከነፋሱ ብርታት የተነሣ፣ ተኩሱን ጭምር ዝም አሰኘው። ባለቤቴ ከዘራውን ይዞ እየተሳበ ወጥቶ በርሜሉን ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ገፋው። ድስቱን፣ ሳፋውን፣ የልጆቹን መታጠቢያ ሳይቀር ደረደርን። እስከ እኩለ ሌሊት በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ያቺም እናት ጠጥታ፣ አርፋ፣ ንጋት ላይ ሕፃኑን ስታጠባው ሰማሁ። ድምፁን አሁንም አልረሳሁትም። የጌታ ስም ይክበር።

ሰኞ ተኩሱ እንደ ገና ቀጠለ፤ ከቀትር በፊት የታጠቁ ሰዎች በየቤቱ እየገቡ ሲዘርፉ ወደ እኛ ግቢ ደረሱ። በሩን በሰደፍ እየደበደቡ በውስጥ ኑዌር እንዳለ ጠየቁ። ሴቲቱ ከልጆቿ ጋር ከኋላ ክፍል ነበረች፤ እኔ በጉልበቴ ወድቄ፣ መዝሙር 91ን በቃሌ ልል ሞክሬ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ አላለፍሁም። ባለቤቴ በሩን ሊከፍት ሲራመድ በውጭ የሽማግሌው ጎረቤታችን ድምፅ ተሰማ። እኒያ ቃል የሚቆጥቡ ሰው በዚያ ተኩስ መካከል ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤታቸው ወጥተው በበራችን ላይ ቆመው ነበር። ሰዎቹን በጁባ ዓረብኛ ገሠጿቸው፤ ይህ ሐበሻ ልጃቸውን በእጁ እንደ ቀበረላቸው፣ በዚህ ግቢ ያሉትም ሁሉ የእርሳቸው ልጆች እንደ ሆኑ፣ ማለፍ የሚፈልግ ካለ አስቀድሞ በእርሳቸው ላይ እንዲያልፍ ነገሯቸው። ክርክሩ ረዘመብኝ። በመጨረሻ ሰዎቹ በረንዳው ላይ የነበረውን ጀነሬተር ተሸክመው፣ ከባለቤቴ ስልኩንና በኪሱ ያለውን ገንዘብ ተቀብለው፣ ወደ ክፍሎቹ ሳይገቡ ወጡ።

በዚያው ምሽት ሁለቱም ወገኖች ተኩስ አቁም አወጁ። መንገዱ ሲረጋጋ ሽማግሌውና ባለቤቴ ሴቲቱንና ልጆቿን በመካከላቸው አድርገው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወደሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር በእግር አደረሷቸው። ብዙ የውጭ ዜጎች በዚያ ሳምንት ከተማዋን ለቀው ወጡ። የላከችን ቤተ ክርስቲያንም ልትመልሰን ዝግጁ ነበረች፤ እኛ ግን ጾመን ከጸለይን በኋላ ለመቆየት ተስማማን፤ ለቅሶ የሚቀመጥባቸው ቤቶች በዝተው ነበርና።

ሽማግሌው በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ አንድ እሑድ ወደ ጸሎት ቤታችን መጥተው በኋለኛው ወንበር ተቀመጡ። በኋላም ጌታን ተቀብለው በዓባይ ወንዝ ተጠመቁ። ያቺ እናት በብዙ መንገድ ዞራ ከልጆቿ ጋር ወደ ጋምቤላ ደርሳለች፤ በመጠለያው ውስጥም ለሌሎች ሴቶች ፊደል ታስተምራለች። የሰላሙ ስምምነት በመስከረም 2011 በአዲስ አበባ እንደ ገና ተፈርሟል፤ ሆኖም በጁባ የዲንካና የኑዌር ምእመናን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጌታን ማምለክ ዛሬም ቀላል ነገር አይደለም። በማንጎው ዛፍ ሥር የተማሩት ወንጌላውያን በዚህ ሥራ ላይ ናቸውና፣ ይህን ያነበባችሁ ቅዱሳን ስለ እነርሱ በጸሎት እንድታስቡልን በጌታ ፍቅር እንለምናችኋለን።