ፌርማታው አይነሳም ካላችሁ ሜትር ይዛችሁ ውጡ

የአውቶቡስ ፌርማታው ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ነው ተብሎ፣ ዛሬ ሰፈሩ ከቦታው አይነሳም ብሎ ፊርማ ሲያሰባስብ ዋለ። ፊርማ ብቻውን ግን ብዙም አያስኬድም፤ ይዛወርበታል የተባለውን አዲሱን ቦታ ለኩት።

አንበሳ አውቶቡስ 12 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው 18። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በዚያ ርዝመት ሙሉ ቀጥ ካላለ የፊቱ በር ጠርዙን ሲጠጋ የኋላው መሀል አስፋልት ላይ ይከፈታል። ዘንቢል የያዙ እናት ከዚያ ይውረዱ? የቱቦ ክዳኑንም እዩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ የለም።

ፌርማታው ከመስቀለኛው መንገድ በፊት ከተተከለ፣ አውቶቡሱ ሲጭን አረንጓዴው መብራት ያልፍና ከኋላው ያለው ሁሉ ይታሰራል። አልፎ ቢሆን ይሻላል፣ በጣም ከተጠጋ ግን የሁለተኛው አውቶቡስ ጭራ መስቀለኛው ላይ ይቀራል። ታክሲዎቹማ ምልክቱ ቢነቀልም ሰው ባለበት መጫናቸውን አይተዉም።

ልኩንና የክዳኑን ፎቶ ከፊርማው ጋር አያይዙት፤ ስታስገቡም ማህተም ያረፈበት ኮፒ ሳትይዙ ከመዝገብ ቤት አትውጡ።